አሥራ ሁለቱ ክኒኖች

"ዝም በሉ... እየቆጠርኩ ነው።"

ሲስተር እልፍነሽ አንዴ ሰዓቷን፣ አንዴ የሁለት ዓመቷን የእድላዊትን ደረት ታያለች።

ነገሌ ቦረና፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። እናቷ ወለተሐና ልጇን ታቅፋ በጭንቀት ትጠብቃለች።

"በደቂቃ ሃምሳ ሁለት ትንፋሽ... ብዙ ነው። ባለፈው ሳምንት ለሳንባ ምቿ የአምስት ቀን ክኒን ሰጥቼሽ ነበር። ጨረሰች?"

"አዎ... ጨርሳለች።"

ውሸቷን ነው።

ልጅቷ በሁለት ቀን ተሽሏት ግቢውን ስታምሰው፣ እናቷ ደግሞ የጎረቤቷ የከሚላ ልጅ ሲያስል ሰማች። የሰው ልጅ እያሳለ መድኃኒት ይዛ መቀመጥ ከበዳት...

የቀሩትን አሥራ ሁለት ክኒኖች ወስዳ ሰጠቻት። ደግ የሠራች መስሏት።

አሁን ግን ይህን ለመናገር አፈረች።

ሲስተር ፊቷ ተለዋወጠ። "ሁሉንም ወስዳ ከባሰባት መድኃኒቱ አልሠራላትም ማለት ነው። ሆስፒታል ሄዳ በመርፌ ትታከም" ብላ የሪፈር ወረቀት መጻፍ ጀመረች።

ወለተሐና ልጇን ለማዘል ተነሳች።

ይሄኔ በሩ ተከፈተ።

ከሚላ ናት። የልጅቷን መታመም ሰምታ እየሮጠች ነው የመጣችው።

የሻሿን ጫፍ ፈታ ክኒኖቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አሥራ ሁለት። ማሸጊያቸው እንኳ አልተቀደደም...

"የኔን ልጅ ቀድሜ ለሐኪም አሳይቼው፣ ጉንፋን ነው፣ መድኃኒት አያስፈልገውም ተብዬ ነበር፣ የእድላዊት እናት። ስትሰጪኝ እምቢ ማለት ነውር መሰለኝ። መመለሱም እንደ ንቀት ሆነብኝ... ያ ረቢ፣ አጥፍቻለሁ።"

ይሉኝታ የማያስደርገን ነገር የለም መቼም።

ወለተሐና እንባዋ መጣ። "ዋሽቼሻለሁ ሲስተር... የሁለት ቀኑን ብቻ ነው የወሰደችው።"

ሲስተር ወረቀቱን ቀደደችው። ልጅቷን ደግማ መረመረቻት... ትጠጣለች፣ ደረቷም ወደ ውስጥ አይሰረጉድም፤ ሆስፒታል የሚያስኬድ ምልክት የለባትም። አዲስ ክኒን ሰጥታ አምስት ቀኑን ከመጀመሪያው አስጀመረቻት።

በዚህኛው ጊዜ ጠዋትና ማታ በር እያንኳኳች "ወሰደች?" የምትለው ከሚላ ነበረች... እስከ አምስተኛው ቀን። እድላዊትም ዳነች።

አንዷ በደግነት ሰጠች፣ ሌላዋ በይሉኝታ ተቀበለች... መሃል ላይ ትንፋሽ ያጠራት ሕፃኗን ነው።

ወገን፣ እንጀራችንን እንካፈል። የልጅን መድኃኒት ግን አንካፈል፤ ተሻለው ብለንም አናቋርጥ። ካጠፋንም ለሐኪም እውነቱን እንንገር።

እናንተስ... የልጃችሁን መድኃኒት ለጎረቤት ሰጥታችሁ ታውቃላችሁ? ወይስ ሲሰጧችሁ እምቢ ማለት ከብዷችኋል? ሳታፍሩ ኮመንት ላይ ንገሩን።