በሁለት ስም የሚመጣ ደብዳቤ

የእናንተ ሰው ለሌላ ሴት የመኪና በር ሲከፍት ብታዩ፣ አንገታችሁን ደፍታችሁ ታልፋላችሁ?

ኦዴል አላለፈችም። አሜሪካ ውስጥ በዴይተን ከተማ፣ ከገበያ አዳራሹ ፊት ለፊት መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ሁሉንም አየች። ሆሊስ ለታምዚን በሩን ከፈተላት፤ ሻርፗን ሳይቀር አስተካከለላት። ለኦዴል እንዲህ ያደረገላት መቼ ነው? አታስታውስም።

ቤት ስትደርስ የወሩ ደብዳቤ ፖስታ ሣጥኑ ውስጥ ነበር። እንደ ሁልጊዜው «ለሆሊስና ለኦዴል ብራንትሊ» ይላል። በተጋቡ በዓመቱ የሁለቱንም የትምህርት ብድር አንድ ላይ አደረጉት፤ የወር ክፍያው ከስድስት መቶ ዶላር ወደ ሦስት መቶ ስልሳ ወረደ። ያን ቀን የተጠበሰ ዓሣ እየበሉ፣ የብድር ቤቷ ጸሐፊ «ከእንግዲህ እናንተን የሚለያይ የለም» ባለችው ሲስቁ አመሹ። ሰው ደስ ሲለው የሚሰማውን አያጣራም።

ኦዴል ከፖስታዎቹ አንዱንም አልጣለችም። ስማቸው ጎን ለጎን የሚጻፈው እዚያ ላይ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ሆሊስ ወረቀት ይዞ መጣ። ካፖርቱን ሳያወልቅ ወጥ ቤቱ መሐል ቆመ። ቡናውን በሦስት ስኳር አቀረበችለት።

«ስኳር ትቻለሁ።»

«እሷ ናት ያስተወችህ?»

«ሐኪም ነው። ኦዴል፣ በናትሽ ፈርሚልኝ። ድሮ ብድሩን መለየት ሕጉ አይፈቅድም ነበር። አሁን ሁለታችን ከፈረምን ብድሩ ለየብቻ ይሆናል። ድርሻዬን ብቻ ከያዝኩ ክፍያዬ በግማሽ ይወርዳል።»

«ከዚያ ታምዚንህን ይዘህ እብስ!»

«እሷን ተያት።»

«እንዴት ልተዋት? ሻርፕ ስታስተካክልላት አየሁህ እኮ! በጠራራ ፀሐይ! ትንሽ እንኳ አታፍርም?»

ሆሊስ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠ። የተናደደ አይመስልም፤ የደከመው ይመስላል።

«ስንት ጊዜ ተከተልሽን?»

«እስክሪብቶህን አንሳ፤ አልፈርምም።»

«ኦዴል» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኔና አንቺ ከተፋታን እኮ አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነው። ታምዚን ሚስቴ ናት። የእኔና የእሷ ትልቁ ልጅ ዘንድሮ ኮሌጅ ይገባል፤ ይህ ብድር አንገቴ ላይ እያለ ለእሱ የትምህርት ብድር ዋስ መሆን አልቻልኩም። በድለንሽ ከሆነ ይቅር በይን።»

ኦዴል ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተችለት።

«አንተንም፣ እሷንም፣ ልጁንም፣ ማንንም ይቅር አልልም።»