የማያልቀው ስላይድ

ጸጋአብ ስላይዱን የሠራው ከፈረሰ የሱቅ ባንኮኒ ላይ በተገኘ ወፍራም መስታወት ነው። መካኒሳ ያለ መስታወት ቆራጭ ዘንድ አስቆረጠው፣ መስመሮቹን ራሱ በአሲድ አስነከሰ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጥልና ሲያነሳ ከርሞ በ1989 ጥር ላይ ጨረሰው።

ጸጋአብ እዚያው ሰፈር ባለ ክሊኒክ የላብራቶሪ ሠራተኛ ነው። ከውጭ የሚመጣው የደም ሴል መቁጠሪያ ስላይድ ስስ ነው፤ በየጤና ጣቢያው ይሰበራል፣ ከተሰበረም ምትክ የለውም። የክሊኒኩ የመጨረሻ ስላይድም ተሰንጥቆ በፕላስተር ተይዞ ነበር።

«የኔ ቢወድቅ የሚሰበረው ወለሉ ነው» ይላል ጸጋአብ።

ከጤና ቢሮ የመጡት አቶ ዲንሳ ግን በወሬ የሚሸነፉ ሰው አልነበሩም።

«በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ዓርብ ዓርብ፣ አምስት ጊዜ ቁጠርበት። በመሃሉ በየቀኑ ይታጠብ። ቁጥሩ ካልተዛነፈ ሠላሳ እንድትሠራ እናዝሃለን። ከተዛነፈ ባንኮኒውን ለባለሱቁ መልስ።»

ለቆጠራው የአንድ ጤነኛ ሰው ደም አስፈለገ፤ ሁልጊዜ የዚያው ሰው። ጸጋአብ ዞር ሲል ኦብሴ መወልወያዋን ይዛ ቆማለች።

«አንቺ የላፍቶ ልጅ፣ በወተትና በገብስ ያደግሽ! ነይ እስቲ፣ ጣትሽን።»

ኦብሴ የክሊኒኩ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ የስድስት ወር ልጅ እናት፣ ካልጠየቋት የማትናገር። ጣቷን ሰጠች። በተሰነጠቀውም በአዲሱም ቆጠረው፤ እኩል መጣ፤ አራት ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ ቀይ የደም ሴል። ጸጋአብ መወልወያዋን ቀምቷት በላብራቶሪው መሃል እስክስታ መታ። በሳምንቱ አሮጌው ስላይድ ለሁለት ተከፈለ፤ ማንም አላዘነለትም።

የአዲሱ እጥበት ለኦብሴ ተሰጠ። በቀን አርባ ጊዜ፣ በሳሙናና በጥጥ ብቻ። ልጇን ለታን እንደምታጥብ ነበር የምታጥበው።

«እጅጌሽን ሰብስቢ እንጂ፣ ረጠበ!» ይላታል ጸጋአብ።

«ይበርደኛል ጋሼ።»

በሁለተኛው የቆጠራ ዓርብ ቁጥሩ ቀነሰ። ጸጋአብ ዓይኔ ነው ብሎ ደገመው፤ ያው ነው። በሦስተኛው ዓርብ ይብሱኑ ወረደ። ያን ቀን ምሳ ላይ ማንም የሚስቅ አልነበረም፣ ከክሊኒኩ ኃላፊ ከሲስተር አማከለች በቀር። እሷ የኦብሴን ምሳ ዕቃ አየት አድርጋ፣

«ዛሬም ቀይ ሥር?» አለች። «ለልጅ የዱቄት ወተት፣ ለእናት ቀይ ሥር! በዚህ በኛ ደሞዝ?»

«ወተቴ ደርቆብኝ ነው ሲስተር። ዘመድ ይረዳኛል።»

«ትናንት ከሰዓትስ የት ገባሽ?»

«ለታን ላስከትብ ሄጄ።»

«የዚህ ልጅ ክትባት አያልቅም እንዴ! አንድ ክፍለ ጦር ይከተብበት ነበር እኮ።»

ኦብሴ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

በአራተኛው ዓርብ ጸጋአብ ስላይዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ ለሲስተር አሳያት።

«እነዚህ ዳርና ዳር ያሉት ጉብታዎች ናቸው ክዳኑን የሚሸከሙት። እነሱ ከተፋቁ ክዳኑ ዝቅ ይላል፣ ከሥሩ የሚገባው ደም ያንሳል፣ ቁጥሩ ይወርዳል። የሚፍቃቸው ነገር አለ።»

ሲስተር ከመታጠቢያው ሥር ወደተቀመጠው የአመድ ቆርቆሮ ተመለከተች። ኦብሴ የሻይ ማንቆርቆሪያውን የምትፈትግበት ነው።

«እኔ አፌን አልከፍትም» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «የሌላ ሰው ደም ብትሞክርስ?»

የኦብሴ ባልዲ ከእጇ አመለጠና ውኃው ወለሉን አጥለቀለቀው።

«የሌላው ሰው መነሻ ቁጥር የታለኝ? አሮጌው ተሰብሯል። ምኑን ከምኑ ላስተያየው?» አለ ጸጋአብ እግሩን ከውኃው እያነሳ።

ኦብሴ አጎንብሳ ወለሉን መወልወል ጀመረች። ፊቷ እሳት የነካው ይመስል ነበር።

በአምስተኛው ዓርብ አቶ ዲንሳ ራሳቸው መጥተው አጠገቡ ቆሙ። ጸጋአብ የኦብሴን ጣት ወጋ፣ ቆጠረ፣ እንደገና ቆጠረ።

«ስንት?»

«ሦስት ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ።»

«ባንኮኒውን መልስ አላልኩህም?» አቶ ዲንሳ ሳቁ። «ሁለት ዓመት ሙሉ መስታወት ስትፍቅ ከረምክ! ልጆችህ ምን ይሉሃል?»

ጸጋአብ ከማይክሮስኮፑ ላይ ቀና አላለም። ኦብሴ ከበሩ ሥር ሆና የቀላውን ማጅራቱን አየች። ጆሮው ሳይቀር ቀልቶ ነበር። ሳይጠይቋት ተናግራ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ተናገረች።

«በአመድ ነው ያጠብኩት ጋሼ።»

ጸጋአብ ከማይክሮስኮፑ ቀና አለ።

«ይኸው!» አሉ አቶ ዲንሳ። «አመድ የጨረሰውን ነው ለገጠር ጤና ጣቢያ የምንልከው?»

«ከነገ ጀምሮ እንዳላይሽ!» አለች ሲስተር።

«ተዪያት» አለ ጸጋአብ። ስላይዱን በጥጥ ጠቀለለና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። «አመድ ካልቻለ ጥፋቱ የኔ ነው። ማን በምን እንደሚያጥበው ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ።» ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «ደፍረሽ እውነቱን ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥልኝ። ሌላ ቢሆን ይደብቀኝ ነበር።»

ኦብሴ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ወጣች።

ታክሲ ተራው ጋ ሳትደርስ አንድ አጥር ተጠግታ ቆመች፤ የሹራቧን እጅጌ ሰብስባ ከክርኗ እጥፋት የትናንቱን ጥጥ ነቅላ ጣለች፣ ከመጀመሪያው ቆጠራ ወዲህ ሆስፒታል በር ላይ ደሟን ለአራተኛ ጊዜ የሸጠችበትንም ብር ከመቀነቷ ፈትታ የዱቄት ወተት ልትገዛ ሱቅ ገባች።