ከውጭ መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው

«አይቻልም እመቤቴ» ይላል የምክር ቤቱ ጥበቃ። ሁለቱን የብርቱካን ጭማቂ ከቦርሳዋ አውጥቶ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ይጥላቸዋል።

«የልጄ ነው እኮ! ስኳር በሽታ አለባት፣ ስኳሯ ድንገት ከወረደባት...»

«ውስጥ በሽ በሽ ነው። ዛሬ የመጠጥ ኩባንያዎች ቀን አይደል? ሁሉም በነፃ!»

ዋንዳ ፕሩይት ልትከራከረው ታስባለች፤ ግን ለመናገር ስሟ ሊጠራ ነው። የትምህርት ቤት ነርስ ናት። ለስላሳ ከትምህርት ቤት ይውጣ የሚለውን ሕግ ልትደግፍ ከፓይን ፎርክ ድረስ ነድታ መጥታለች። የምትናገረው የአያቶቻቸው የስኳር በሽታ ገና በልጅነታቸው ስለያዛቸው ተማሪዎቿ ነው። የተሰጣት ሁለት ደቂቃ ነው። ማታ መስታወት ፊት ቆማ ስትለማመድ ሰዓት የያዘችላት ልጇ ኬይሊን ነበረች። የኬይሊን በሽታ ግን ከለስላሳ የመጣ አይደለም፤ ሰውነቷ በራሱ ጊዜ ያመጣባት ነው።

አዳራሹ ውስጥ እያንዳንዱ ወንበር ላይ ቀዝቃዛ የለስላሳ ጠርሙስ ተቀምጧል። ዋንዳ ኬይሊንን ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጣ ወደ ፊት ትሄዳለች። ፊት ወንበር ላይ ያለው ሰውዬ ብድግ ብሎ እጁን ይዘረጋላታል። ጋርላንድ ስፓይቪ ነው፣ የለስላሳ ኩባንያው ሰው። እዚህ ቤት እሱን የማያቅፍ የምክር ቤት አባል የለም።

«ወይዘሮ ፕሩይት! ያን ሁሉ መንገድ ነድተው? ኬይሊን እንዴት ናት? የምትታከምበትን ክሊኒክ የምንደጉመው እኛ ነን፤ ሳያውቁ አይቀሩም።»

የልጇን ስም ነግራው አታውቅም። ቢያስፈራራት መልስ አታጣለትም ነበር፤ ፈገግታው ነው ያስፈራት።

ስሟ ይጠራል። ማይክሮፎኑ አጠገብ አረንጓዴ መብራት ይበራል።

«የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣ እኔ...»

ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ከኋላ ነው። ይህ ድምፅ ከእንቅልፏ ስንቴ አስደንግጦ አስነስቷታል! የልጇ ክንድ ላይ የተለጠፈችው የስኳር መለኪያ መሣሪያ ናት። ዞር ስትል ኬይሊን አመድ መስላለች፣ በላብ ተጠምቃለች፤ ከወንበሯ እየተንሸራተተች ነው። መንገድ ላይ ቁርስ እንብላ ስትላት እንዳይረፍድብን ያለችው ራሷ ዋንዳ ናት።

ማይክሮፎኑን ትታ ትሮጣለች። ቦርሳዋን ትዘረግፋለች። የለም። ጭማቂው በር ላይ፣ ቅርጫት ውስጥ ነው።

«ስኳር! የሚጣፍጥ ነገር ስጡኝ! ልጄ ልትሞትብኝ ነው!»

ቀድሞ የደረሰው ስፓይቪ ነው። ጠርሙሱን ከፍቶታል።

«ይኸው እመቤቴ።»

ዋንዳ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቀይ የኩባንያ ስም ታያለች። የልጇን ከንፈርም ታያለች። ትነጥቀዋለች።

«ጠጪ የኔ ቆንጆ። በፈጠረሽ ጠጪልኝ!»

ኬይሊን ትውጣለች። ዋንዳ በችኮላ ልብሷ ላይ ታፈስባታለች። ከበላያቸው የካሜራ ብርሃን ብልጭ ይላል፣ ደግሞ ብልጭ ይላል።

«ጠርሙሱን ትንሽ ወደዚህ ቢያዞሩልን» ይላል አንድ ሰው፣ በትሕትና።

«ተመስገን!» ይላሉ ሊቀመንበሩ ልጅቷ ዓይኗን ስትገልጥ። መብራቱ ቀይ ሆኗል። «ወይዘሮ ፕሩይት፣ አዝናለሁ፣ ጊዜዎ አልቋል። ቀጣይ ተናጋሪ፣ አቶ ስፓይቪ።»

ስፓይቪ ኮቱን ቆልፎ ወደ ማይክሮፎኑ ይሄዳል።

«ክቡር ሊቀመንበር፣ ያዘጋጀሁትን ንግግር ትቼዋለሁ። ሁላችንም በዓይናችን አይተናል።»

ኬይሊን የእናቷን እጅጌ ትጎትታለች። ድምፅዋ ገና አልጠራም።

«እማ... ተናገርሽ?»

መሣሪያዋ አሁንም እየጮኸች ነው። ስኳሯ ገና በበቂ አልወጣም።

«ትንሽ ጨምሪ» ትላታለች ዋንዳ፣ ጠርሙሱን ወደ አፏ እያስጠጋች።