የነገረህ ሰው

«ቃል የሰጠሁትን ሰው ስም እናቴ እግሬ ላይ ብትወድቅም አላወጣም። ይህን የምትችዪ ከሆነ አግቢኝ» ብሏት ነበር ኦጎላ፣ ገና ሲተጫጩ፣ ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ እየበሉ። አኬዮ ስቃ አገባችው።

አሁን ኦጎላ እስር ቤት ነው። ከድንበሩ ጦርነት የመጡት የታሸጉ ሣጥኖች ሬሳ የለባቸውም ብሎ በሚሠራበት ጋዜጣ ላይ ጻፈ። በእነሱ በሉዎ ሕዝብ ዘንድ ሟች ሳይታይ አይቀበርም። ጦሩ ግን ሣጥን የከፈተ የመንግሥት ምስጢር ደፈረ ብሎ፣ በየደጁ ወታደር አቁሞ እንደታሸጉ አስቀበራቸው። ኦጎላም የተከሰሰው በዚያው ሕግ ነው። ችሎቱ ዝግ ነበር። ዳኛው፣ ኦጎላ ምስጢሩን ያወጣለትን ሰው ስም እስከ ዓርብ ከሰጠ ይፈታል፣ ካልሰጠ ግን ፀጉሩ እዚያው ይሸብታል አሉ።

አማቷ ኔሬያ ማን እንደነገረው ጥርጥር የላትም።

«ሻምበል ኦቦራ ነዋ! እዚህ ቤት እየመጣ ዓሣዬን ሲግጥ የከረመው! ትናንት ገበያ ሲያየኝ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከቲማቲም ክምር ኋላ ተደበቀ። ያንን የሚያህል ቦርጭ ይዞ!»

አኬዮ ለልጇ አጥሚት በማንኪያ ትሰጠዋለች።

«ጥርስ ሳያወጣ አጥሚት? ጡትሽ ደረቀ እንዴ? በሆድሽ ይዘሽው የጦር ሆስፒታሉን አንሶላ ስታጥቢ ነው እንዲህ ያለቅሽው።»

«ይልመደው ብዬ ነው፣ እማማ።»

ከሰሞኑ ልጁን ከአያቱ ጎን ማስተኛት ጀምራለች። ኔሬያ ሐዘን ነው ብላ ተወቻት።

ሐሙስ ሊጠይቁት ሄዱ። ኦጎላ ከስቷል። ሳሉ አላናግር ይለዋል። ዘበኛው አጠገባቸው ቆሞ ጆሮውን ጥሏል።

«ስሙን ስጣቸው» አለች አኬዮ።

«ዛሬም እሱኑ?»

«የነገረህ ሰው የሚያደርገውን አውቆ ነው የነገረህ። አይቀየምህም።»

«እንደማይቀየመኝ አውቃለሁ። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።»

«እዚህ ትሞታለህ! ልጅህስ?»

«ለልጄ ብዬ እኮ ነው ዝም ያልኩት።»

ኔሬያ ፍርግርጉን በመዳፏ መታችው። «ለልጄ ይለኛል! ያ ፈሪ ቢራውን እየገለበጠ፣ አንተ እዚህ ደም ትተፋለህ! እናቱ እሱን በወለደች ቀን...»

«እማዬ፣ አትርገሚ!» ኦጎላ ዓይኑ ዕንባ ሞላ። «በወለድሽኝ፣ አትርገሚው።»

ዘበኛው ሰዓታችሁ አበቃ አለ። ኦጎላ ሲወስዱት ዞሮ አኬዮን አያት፤ እምቢ እንደሚል ሕፃን ራሱን ወዘወዘ።

በሩ ላይ ኔሬያ መቀነቷን አጠበቀች። «እኔ ሻምበሉ ቤት እሄዳለሁ። ነገ ሳይነጋ አንገቱን ይዤ አመጣዋለሁ።»

«አይሂዱ፣ እማማ። እሱ የሚያውቀው ነገር የለም።»

«አንቺ ደግሞ በምን አወቅሽ?»

አኬዮ ልጁን ከጀርባዋ ፈትታ አስታቀፈቻት፤ ብቻዋን ወደ ውስጥ ተመለሰችና «ባሌን ልቀቁት። ለአንዱም ሣጥን መግነዣ አንሶላ ከሆስፒታሉ እንዳልወጣ የነገርኩት እኔ ነኝ» ብላ ሁለት እጆቿን ለእስር ቤቱ መኮንን ዘረጋች።