ለተጣማሪ የተጠቀለለ ጉርሻ

ምርጫው ለማንም አብላጫ ወንበር ስላልሰጠ ሁለት ፓርቲዎች ጥምር መንግሥት መሠረቱ። በአዲሱ ሕግ ደግሞ መራጮቻቸውም በዕጣ ይጣመራሉ፤ መንግሥቱ እስኪፈርስ ድረስ ከአንድ ትሪ ራት ይበላሉ፣ ይጎራረሳሉ። ለባለቤቴ ለፍሬሕይወት የደረሳት ዮናታን የሚባል ረጅም፣ ሳቂታ፣ ጥርሰ መልካም ሰውዬ ነው። እኔ የመረጥኩት ፓርቲ ተቃዋሚ ስለሆነ፣ በገዛ ቤቴ ጥግ ይዤ ለብቻዬ በሰሃን እበላለሁ።

"ፍሬዬ፣ ጥብሱ እኮ ጉድ ነው!" አለ ዮናታን።

"ፍሬዬ?" አልኩት።

"አንተ ደግሞ! ተቃዋሚ መናገር እንጂ መጉረስ አልተፈቀደለትም" ብላ ሳቀች ባለቤቴ። እሱም አብሯት ሳቀ። ከዚያ ጠቀም ያለ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፉ ዘረጋች።

ይኼኔ ቴሌቪዥኑ ጥምረቱ መፍረሱን አወጀ። ዮናታን የከፈተውን አፍ ገጥሞ ተነሣ፣ ጃኬቱን አንሥቶ "እንግዲህ ደህና ሁኑ" ብሎ ወጣ። ልቤ በደስታ ዘለለች።

ፍሬሕይወት በሩን እያየች "በል ና፣ አንተ ጉረሰው" አለችኝ።

ተንደርድሬ ሄጄ ጎረስኩ። ቃሪያው አንድ በአንድ ተለቅሞ ወጥቶለታል። ያለ ቃሪያ እህል የማይወርድልኝ ሰው ነኝ፤ እሷም ይህን አሳምራ ታውቃለች።