የገዳይ ቅቤ

የገደለውን ጎሽ ጭራ እያወዛወዘ ሲፎክር መንደሩ በሙሉ ወጣ። አባቱ ጎሽ ገድለው ሲመለሱ ጭናቸው ተበስቶ ነበር፤ እሱ ግን ፍራሽ ላይ ተኝቶ፣ ሸለቆ አሻግሮ ስለተኮሰ ሱሪው እንኳ አልቆሸሸም። ከአባቱ ወዲህ በቤታቸው የገዳይ ቅቤ አናቱ ላይ ያረፈለት ወንድ የለም። ከከተማ ድረስ የመጣውም ለዚሁ ነበር።

ያኔ የአባቱን ራስ የቀቡት አክስቱ፣ እትዬ ዘርትሁን፣ ቅቤውን በቅል ይዘው ብቅ አሉ።

«ጎሹ ሲያይህ ምን አደረገ?»

«የት አይቶኝ፣ እትዬ!»

«ጠረንህስ አልሸተተው?»

«በዚያ ርቀት?» ሳቀባቸው። «ተኩሱን እንኳ ሳይሰማ ነው የወደቀው።»

«ታዲያ አንተስ እንዴት አየኸው?»

የጠመንጃውን መነጽር መታ መታ አደረገ። «በዚህ ነዋ! ያለዚህማ ጎሽ ይሁን ጉቶ አይለይም።»

«እንግዲያው ገዳዩ ወጉ አይቅርበት። ጠመንጃህን አስቀምጥና ተንበርከክ።»

ጠመንጃውን ከጎኑ አጋድሞ ተንበረከከ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ዓይኑን ጨፈነ። እልልታው ቀለጠ። አናቱ ግን እንደደረቀ ነው። ዓይኑን ሲገልጥ አክስቱ የመነጽሩን መስታወት ቅቤ እስኪጠግብ እየቀቡት ነበር።