እጅ ቆጠራ

ይህ ታሪክ እውነት ነው፤ አንዲት ቃል ከዋሸሁ ምላሴ ይቆረጥ። ያላመነ ቡራዩ ሄዶ አናጢውን ዕዝራን ይጠይቅ።

የዕዝራ አሠሪ ኦቦ ገርባ መላጊያ ማሽኑን ከማስነሳታቸው በፊት "እጅ!" ብለው ይጣራሉ። የእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ ያለ ሠራተኛ ሁሉ ሁለቱንም እጆቹን ከስለቱ አርቆ "ሁለት!" ይላል። ሁለት ያላለ አንድ ሰው እንኳ ካለ ማብሪያው አይነካም።

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን አብሯቸው የሚሠራው ልጃቸው ዲሪርሳ ወደ ሰልፍ እንደወጣ ቀረ። በሳምንቱ ኦቦ ገርባና ዕዝራ ብቻቸውን አንድ ጠማማ ጣውላ ሊያቃኑ ቆሙ።

"ኦቦ፣ ዛሬስ ቤትዎ ቢያርፉ?"

"ዝም በል አንተ። ልጄ ሲመጣ ሥራ ቤቱን ተዘግቶ ያግኘው? እጅ!"

"ሁለት!" አለ ዕዝራ፣ መግፊያ እንጨቱን ከፍ አድርጎ።

"ሁለት" አለ የዲሪርሳ ድምፅ፣ ከጣውላው ክምር ጀርባ።

ዕዝራ ሮጦ ዞረ፤ ከክምሩ ጀርባ ማንም የለም። ኦቦ ገርባ ግን ዞረው እንኳ አላዩም። ጣታቸውን ከማብሪያው ላይ ቀስ ብለው አነሱ፤ ማሽኑም ከዚያ ወዲህ አልተነሳም።

እሺ፣ አንዲት ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ። ድምፁ "ሁለት" አላለም። "አንድ" ነው ያለው።